ደጅ ጥናት እንበለው

«ሥራ የበዛበት ጥበቃ» የሚል ሐረግ ስለ ኮምፒውተር በአማርኛ ከሚያስተምሩ ሰዎች አንደበት ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ የሚታየው በር ላይ ቆሞ ፋታ ያጣ ዘበኛ ነው። ሊባል የተፈለገው ግን መስኮት እስኪከፈት የሚጠብቅ ስክሪፕት «ተከፈተ? ተከፈተ?» እያለ ያለ ዕረፍት ሲጠይቅ ፕሮሰሰሩን መብላቱ ነው። ይባስ ብሎ እየደጋገሙ መጠየቅ በእንግሊዝኛ ለሚባልበት «ፖሊንግ» «ድምፅ አሰጣጥ» የሚል ትርጉም አለ። እንግሊዝኛው ለምርጫም ስለሚውል ብቻ የተወሰደ ነው፤ ስክሪፕቱ የሚመርጠው ነገር የለም።

ሌሎች ዕጩዎችም አሉ። «ንቁ ጥበቃ» ለጆሮ ይጥማል፤ ንቃት ግን በቋንቋችን ሙገሳ ነው፣ ብክነትን በሙገሳ መሰየም ተማሪውን ያሳስተዋል። «ተደጋጋሚ ፍተሻ» ስሕተት የለበትም፤ መጠበቁን ግን ጥሎታል። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገር ሰው ፍተሻ ሲባል የሚያውቀው የሻንጣውን መከፈት ነው።

እኔ የምለው ደጅ ጥናት ነው። «ደጅ» በደጃዝማችና በደጀ ሰላም ውስጥ ያለው ነው። «ጠና» ከግእዙ «ጸንዐ» የመጣ ነው፤ ጽናትና ጥናት እኅትማማች ናቸው። ደጅ ጠኚ ማለት እንግዲህ በሰው በር ላይ የሚጸና ማለት ነው፤ ዛሬም ይመጣል፣ ነገም ይመጣል፣ ጥያቄው አንድ ነው። መመላለሱም፣ መጠበቁም፣ ስንቅ ማለቁም በአንድ ቃል ገብቷል። ፕሮሰሰሩ የሚከፍለው ስንቅ ነው። ቃሉ የመሳፍንት ዘመን ይሸታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዛሬም ሕያው ሆኖ አገኘዋለሁ። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ለመታወቂያና ለመኖሪያ ፈቃድ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሐበሻ ማብራሪያ አይጠይቅበትም።

ነገሩ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ዕረፍት ያልተሰጠው ስክሪፕት በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ አንዱን ኮር ሙሉ ለሙሉ ይይዛል፣ የዊንዶውስ ተግባር መቆጣጠሪያም 25 በመቶ አካባቢ ያሳያል። በየጥያቄው መካከል «ስሊፕ» የሚለውን ትእዛዝ አግብቶ 250 ሚሊሰከንድ ማስተኛት ይበቃል። በሰከንድ 4 ጊዜ መጠየቅ ማለት ነው፤ የሩብ ሰከንድ መዘግየት ለሰው ብዙም አይታወቅም፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቶ ያርፋል። አውቶኢት የተባለው የስክሪፕት መጻፊያ መሣሪያ መስኮት የሚጠብቅበት የራሱ ትእዛዝም በዚሁ ልክ ገደማ እያረፈ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ስሙንም ለሁለት መክፈል እንችላለን። እያረፉ መጠየቁ ደጅ ጥናት፣ ሳያርፉ መጠየቁ እንቅልፍ አልባ ደጅ ጥናት። ትእዛዙ «ስሊፕ» ራሱ እንቅልፍ ማለት ስለሆነ ስሙ መድኀኒቱን ይዞ ይመጣል፤ «ሥራ የበዛበት» ይህን አያደርግም።

ለዚህ ነገር ስም መምረጡ በገዳሪፍ ትርፍ ጣጣ አይደለም። ከኢትዮጵያ በጎንደርና በሸኸዲ አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርስ 230 ኪሎቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል፤ ሆኖም ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፣ መብራትም ይጠፋል። ሙቀቱ በበጋው መጨረሻ 40 ዲግሪን ያልፋል። በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ እንቅልፍ አልባ ስክሪፕት ሲያሄድ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ያለ ጊዜው ያልቃል። ይህን ለወጣት ተማሪ በቋንቋው ማስረዳት የምንችለው ስሙ ሲገባው ነው።

የተሻለውም መንገድ ስም ይፈልጋል። ዊንዶውስ መስኮት ሲከፈት ራሱ ያሳውቃል፤ ስክሪፕቱ እስከዚያ ተኝቶ ይቆያል። ለዚህ የሚሰጠው «ክስተት መር» የሚለው ስም በአንድ በኩል ግእዝ መስሎ በሌላ በኩል የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው፤ ማን ማንን እንደሚመራም አይነግርም። በቤተ መንግሥት ባለጉዳዩን ወደ ውስጥ የሚያስገባው አጋፋሪ ነበር። አጋፋሪ ካለ ደጅ መጥናት አያስፈልግም፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል። «በአጋፋሪ ጥሪ መንቃት» ረዝሟል ከተባለ «በጥሪ መንቃት» ይበቃል፤ ለመስኮት ብቻ ሳይሆን ፋይል እስኪወርድና ማተሚያ እስኪዘጋጅ ለመጠበቅም ያገለግላል።