አባ እንጦንስ በእርግናው ዘመን

መነኰሳት የምንኵስናን ሐረግ በሚቈጥሩበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት አባ እንጦንስን ነው። ስለ እርሱ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የጕልምስናው ተጋድሎ ነው፤ ይኸውም ሀብቱን ለድኆች መስጠቱ፥ በመቃብር ቤት መዘጋቱ፥ ከአጋንንት ጋር መዋጋቱ ነው። ስለ እርግናው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከ105 ዓመት ዕድሜው 45ቱ ከ60 ዓመቱ በኋላ ያለፈ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያው ተነግሮ ፍጻሜው ቢቀር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

አባ እንጦንስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ251 ዓመት ገደማ በግብጽ ሀገር ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ሲሞቱበት ዕድሜው 18 ወይም 20 ነበር። ጌታ ባለጠጋውን ያለህን ሁሉ ሸጠህ ስጥ ያለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ እኅቱንም ለደናግል አደራ ብሎ ወጣ። በዚያን ጊዜ በአጠገቡ ባለ መንደር ከወጣትነቱ ጀምሮ ብቻውን በጸሎት የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበረ። እንጦንስ ይህን ሽማግሌ አይቶ በመልካም ነገር ቀናበት፤ አካሄዱንም ተከተለ። ስለዚህ የመነኰሳት አባት የተባለው እርሱ ራሱ ትምህርቱን የጀመረው በአንድ አረጋዊ እግር ሥር ነው።

ዕድሜው 35 ሲሆን በዓባይ ማዶ በፈረሰ ምሽግ ገብቶ 20 ዓመት ያህል ተዘጋ። በ311 ዓመት በመክሲሚኖስ ስደት ጊዜ ምእመናን ወደ እስክንድርያ ለፍርድ ሲወሰዱ፥ እርሱ በ60 ዓመቱ ወርዶ በእስር ቤትና በማዕድን ቍፋሮ የሚሠቃዩትን አገለገለ። ከዚህም በኋላ ሕዝብ ስለ በዛበት በቀይ ባሕር አቅጣጫ ወደ ውስጠኛው በረሃ ገብቶ፥ ምንጭና ጥቂት የተምር ዛፍ ካለበት ተራራ ሥር ተቀመጠ። እርግናው ያለፈው በዚያ ነው።

በመጀመሪያ ወንድሞች እንጀራ ያመጡለት ነበር። እርሱ ግን ስለ እርሱ መድከማቸውን ባየ ጊዜ ዶማና መጥረቢያ ጥቂትም ስንዴ አስመጣ፤ ትንሽ መሬት ቈፍሮ ዘራ፤ በማንም ላይ ሸክም ባለመሆኑም ደስ አለው። እንግዶች ደግሞ መምጣት ሲጀምሩ የመንገዳቸውን ድካም የሚያቀልል ጥቂት አትክልት ጨመረ። ዓመታት አልፈው ጕልበቱ በደከመ ጊዜ ወንድሞች በየወሩ ወይራና ጥራጥሬ ዘይትም እናምጣልህ ብለው ለመኑት፤ እርሱም እሺ አለ። ለሚመጡትም እጁን ባዶ አላደረገም፤ ቅርጫት እየሠራ ስለ አመጡት ነገር ምላሽ ይሰጣቸው ነበር። ከሁለቱ ነገር የትኛው ይበልጥ እንደ ከበደው መጽሐፍ አይናገርም። ነገር ግን ሲሠራ ለኖረ ሰው ዶማውን ከማንሣት ይልቅ ማኖሩ ትልቅ ትሕትና እንደሚጠይቅ ያረጁ ሁሉ ያውቁታል። በጕልበቱ ጊዜ በማንም ላይ ላለመክበድ ደከመ፤ በድካሙ ጊዜ ደግሞ ወንድሞቹ በእርሱ የሚያገኙትን በረከት አልከለከላቸውም።

እርግና ግን ከምስክርነት አላሳረፈውም። አርዮሳውያን እንጦንስ ከእኛ ጋር ነው ብለው በሐሰት ባወሩ ጊዜ፥ በ338 ዓመት፥ ዕድሜው 87 ገደማ ሲሆን ወደ እስክንድርያ ወርዶ በሕዝብ ፊት ክሕደታቸውን አወገዘ። ጕዳዩን እንደ ፈጸመም ወደ ተራራው ተመለሰ።

በመጨረሻዎቹ 15 ዓመታት ሁለት መነኰሳት ከእርሱ ጋር ኖረው ስለ እርግናው አገለገሉት። ሆኖም እርጅናን ምክንያት አድርጎ ምግቡን አላጣፈጠም፤ ልብሱንም አላለወጠም። ጊዜው እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ በውጭው ተራራ ያሉትን ወንድሞች ጐበኛቸውና ተሰናበታቸው። እነርሱም እያለቀሱ በዚህ ዕረፍ ብለው ያዙት፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ግብጻውያን የቅዱሳንን ሥጋ ገንዘው ሳይቀብሩ በቤት የማኖር ልማድ ነበራቸውና፥ ሥጋው እንዲከበር አልወደደም። በውስጠኛው ተራራ በታመመ ጊዜ ሁለቱን አገልጋዮቹን ጠርቶ፥ መቃብሩን ከእነርሱ በቀር ማንም እንዳያውቀው አዘዘ።

ንብረቱ የሚለብሰው ብቻ ነበር። አንዱን ለምድ ለጳጳሱ ለሰራፕዮን፥ ሁለተኛውንም ለምድ የሚተኛበትንም ልብስ ለቅዱስ አትናቴዎስ ሰጠ፤ ያም ልብስ አትናቴዎስ አዲስ አድርጎ ሰጥቶት ከእርሱ ጋር ያረጀ ነበር። የጠጕሩን ልብስ ለሁለቱ አገልጋዮች ተወላቸው። ይህንም አድርጎ በ356 ዓመት ዐረፈ። ያንን ያረጀ ልብስ የተቀበለው አትናቴዎስ፥ አባ ሰላማን ከሣቴ ብርሃንን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ነው። የእንጦንስንም ገድል የጻፈው እርሱ ነው።

አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፥ እንጦንስ እስከ ዕረፍቱ ቀን ዐይኑ አልፈዘዘም፤ ጥርሱም ተበልቶ እስከ ድዱ ቢደርስ አንዱ እንኳ አልወለቀም። ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለሁሉም አይሰጥም። ዐይናቸው የፈዘዘ እግራቸውም የከዳቸው ብዙ ደጋግ አረጋውያን አሉና። ለሁሉ የተሰጠው ሌላው ነው፤ ይኸውም ያለፈውን ድካም ሳይቈጥሩ ዕለት ዕለት እንደ አዲስ መጀመር፥ የሌላውን እጅ በምስጋና መቀበል፥ ባዶ እጅን ሳያፍሩበት መሄድ ነው። ከሩቅ አገር ደክሞ ወደ ቅዱስ ቦታ የደረሰ ሽማግሌ በሌላው ትከሻ ተደግፎ ቢሳለም፥ ከእንጦንስ መንገድ አልወጣም።

መታሰቢያው ጥር 22 ቀን ነው። የአባ እንጦንስ ረድኤቱና በረከቱ በሚያነቡትና በሚሰሙት ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።