ፍሳሽ ውስጥ የሚገባው ወርቅ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ እንጀራቸውን ከከተማዋ የፍሳሽ ቦይ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ቶሸር ይባላሉ። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ ለንደን ድሆች ባሳተመው ሥራው አለባበሳቸውን ሳይቀር ጽፎታል፦ ሰፋፊ ኪስ ያለው ረጅም ኮት፣ ደረት ላይ የታሰረ ፋኖስ፣ ጫፉ ላይ መቆፈሪያ ብረት ያለው ረጅም ዘንግ። በዘንጉ ጭቃ ይጭሩበታል፤ እግራቸው ረግረግ ውስጥ ሲሰምጥም ተንጠላጥለው ይወጡበታል። ቦዩ ውስጥ መግባት ክልክል ስለነበር በመንገድ ፍርግርግ ሥር ሲያልፉ ፋኖሳቸውን ይጋርዳሉ። ሳንቲም፣ አንዳንዴም የብር ማንኪያ ይዘው ይወጣሉ።

እነሱ የለቀሙት ከሰው እጅ የወደቀውን ነው። ዛሬ ፍሳሽ ውስጥ ያለው አብዛኛው ውድ ማዕድን ግን በዓይን አይታይም፤ የሚመጣውም ከሥራ ቦታ ነው።

ለዚህ ፎቶግራፍ ጥሩ ማሳያ ነው። ፊልም ሲታጠብ ብርሃን ያልነካው ብር በኬሚካል ሟሙቶ ይለቃል። ፎቶ ቤቶችና የራጅ ክፍሎች ያን ውሃ ለረጅም ዘመን ወደ ቱቦ ሲደፉት ኖረዋል። ብሩ ከድኝ ጋር ተዋህዶ ማጣሪያ ጣቢያው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ጥናት፣ በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከተማ የተቃጠለ ዝቃጭ አመድ በቶን 660 ግራም ያህል ብርና 30 ግራም ያህል ወርቅ ተገኝቶበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የጃፓኗ ሱዋ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ወርቅ የሚጠቀሙ የረቂቅ መሣሪያ ፋብሪካዎች በብዛት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተዘገበው፣ የማጣሪያ ጣቢያው አመድ በቶን 1,890 ግራም ወርቅ ሰጥቷል። እዚያው ጃፓን የሚገኘው ስመ ጥሩው የሂሺካሪ ወርቅ ማዕድን ማውጫ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚያወጣው ከ20 እስከ 40 ግራም ነው።

ዜናው ብዙዎችን አስደስቷል። እኔ ግን ከደስታው ይልቅ ብክነቱ ይታየኛል። ወርቁ ፋብሪካው በር ላይ ቢያዝ ኖሮ ንጹሕ ነበር፤ አንዴ ከከተማው ቆሻሻ ጋር ከተደባለቀ በኋላ ግን መለየቱ ብዙ ጊዜ ከዋጋው በላይ ያስወጣል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቁት፣ በአገሪቱ ፍሳሽ በዓመት 43 ኪሎ ወርቅና 3,000 ኪሎ ብር ያልፋል፤ ማውጣቱ ሊያዋጣ የሚችለው ግን የወርቅ ማጣሪያዎች ባሉበት በቲቺኖ፣ ያውም በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ዝቃጭ ውስጥ ወርቁ ብቻውን አይገኝም፤ እርሳስና ካድሚየምም አብረውት አሉ። ለገበሬ ማሳ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ዝቃጭ የሚያበላሹትም እነዚህ ናቸው።

የፕላቲነም ጉዳይ ይለያል፤ በአንድ በር ላይ የሚያዝ አይደለም። ከመኪና ጭስ ማጽጃ እየተፋቀ አስፋልት ላይ የሚቀረውን ዝናብ አጥቦ ቱቦ ውስጥ ያስገባዋል። ሌላው መንገዱ ደግሞ ፕላቲነም ያለበት የካንሰር መድኃኒት ሲስፕላቲን ነው። ከመድኃኒቱ ጥቂት የማይባለው በሽንት ይወጣል። የተኛ ሕሙም ሽንት ሆስፒታሉ ውስጥ ለብቻ ሊጠራቀም ይችላል፤ መድኃኒቱን ወስዶ በዚያው ቀን ቤቱ የሚገባው ሰው ግን የራሱን መጸዳጃ ነው የሚጠቀመው።