ማርና የተሕዋስያን ምሽግ

ማር ቁስል እንደሚያሽር የሰው ልጅ ያወቀው ባክቴሪያ የሚባል ፍጥረት መኖሩን ከመረዳቱ ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈውና የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፃውያን የሕክምና ጽሑፍ፣ ቁስሉ በመጀመሪያው ቀን በትኩስ ሥጋ እንዲታሰር፣ ከዚያም እስኪድን ድረስ በየዕለቱ ስብና ማር እንዲደረግበት ያዛል። በአገራችንም ማር ለቁስል፣ ጣዝማ ደግሞ ለሳልና ለጉሮሮ ሕመም ሲያገለግሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ማር ሌላው መድኃኒት የተሳነውን ቁስል ስለ ምን ሊያሽር እንደሚችል መረዳት የተጀመረው፣ የባክቴሪያ እውነተኛ አኗኗር ከታወቀ በኋላ ነው። ይህን አኗኗር በመግለጥ ረገድ የውሃ ቧንቧ የሚያጠኑ መሐንዲሶች ድርሻ ቀላል አልነበረም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዴልፍት ከተማው ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ፣ በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ ሲመረምር እጅግ ብዙ ሕያዋን ሲርመሰመሱ አየ። አፉን በሆምጣጤ ቢጉመጠመጥም የሞቱት በላይኛው ገጽ የነበሩት ብቻ መሆናቸውን፣ ሆምጣጤውም ወደ ውስጥ አለመዝለቁን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ፤ ደብዳቤውም በ1684 ታተመ። ዛሬ ባዮፊልም የምንለው የተሕዋስያን ምሽግ ጽናቱ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ትዝብት ለረዥም ዘመን ተከታይ አላገኘም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ባክቴሪያን በየዘሩ ለይተው በቤተ ሙከራ ማሳደግ ሲጀምሩ፣ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የሚዋኘው ባክቴሪያ ዋነኛ መለኪያ ሆነ። በ1928 ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ የመጡት መድኃኒቶችም በአብዛኛው የተመዘኑት በዚሁ ሚዛን ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች ዘመን ማር ከሐኪሞች መደርደሪያ ወርዶ ወደ ማእድ ቤት ተመለሰ።

ቧንቧና የማቀዝቀዣ ማማ የሚጠብቅ ባለሙያ የሚቸገረው በሚዋኘው ባክቴሪያ ሳይሆን ከግድግዳ በተጣበቀው ነው፤ መተላለፊያውን የሚያጠበው፣ ሙቀቱን የሚጋርደውና ብረቱን የሚበላው እርሱ ነውና። ክሎድ ዞቤል በ1943 የባሕር ባክቴሪያ ከውሃው ይልቅ በጠጣር ገጽ ላይ እንደሚበዛ አሳየ። ዊልያም ካራክሊስ በ1973 በኢንዱስትሪ የውሃ መስመሮች ውስጥ የሚበቅለው ዝልግልግ ነገር ክሎሪንን እንኳ አጥብቆ እንደሚቋቋም አስረዳ። በ1978 ደግሞ ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ፣ በተፈጥሮ ውስጥ አብዛኛው ባክቴሪያ ራሱ ባመነጨው ዝልግልግ ሽፋን ተከቦ፣ በጠጣር ነገር ላይ ተጣብቆ እንደሚኖር አስታወቁ። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ፣ የሚዋኘውን ከሚገድለው መጠን እስከ አንድ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ጥልቁ መዝለቅ ይቸግረዋል፤ በጥልቁ ያሉት ተሕዋስያንም እድገታቸውን ስለሚገቱ፣ የሚያድገውን ብቻ የሚያጠቃ መድኃኒት አያገኛቸውም።

በ1990 በአሜሪካ በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ጉዳይ የሚያጠና የምህንድስና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ከዚያው የወጡ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥር ከሰደዱ 50 ቁስሎች በ30ዎቹ፣ ከ16 አዳዲስ ቁስሎች ግን በአንዱ ብቻ ባዮፊልም ተገኘ። እግሩ እየቆሰለ የማይሽርለት የስኳር በሽተኛ ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የማር ምርምር በሌላ መንገድ ይጓዝ ነበር። ቫን ኬቴል የተባለው ሆላንዳዊ በ1892 ማር ባክቴሪያን እንደሚገታ አስታወቀ። በ1937 ይህ ኃይል ኢንሂቢን ተብሎ ተሰየመ፤ በ1963 ደግሞ ጆናታን ዋይትና ባልደረቦቹ ኢንሂቢን የተባለው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መሆኑን፣ የሚፈጠረውም ንቧ በማሩ ውስጥ በምትጨምረው ኢንዛይም አማካይነት ማሩ ሲቀጥን መሆኑን አረጋገጡ። በኒውዚላንድ ፒተር ሞላን ያጠኑት የማኑካ ማር ግን ፐርኦክሳይዱ ከጠፋ በኋላም ኃይሉን አያጣም ነበር፤ በ2008 ምክንያቱ ሜቲልግላዮክሳል የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ።

ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙባቸው ሥራዎች አንዱ በ2009 የታተመው የኦታዋ ሐኪሞች ጥናት ነው። የየመን ሲድር ማርና የማኑካ ማር፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ከሠራቸው ባዮፊልሞች 91 በመቶውን፣ ሜቲሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ ከሠራቸው ደግሞ 73 እና 63 በመቶውን አሸነፉ። በ2014 የታተመ የሲድኒ ጥናትም ሜቲልግላዮክሳል ብቻውን ወይም ስኳሩ ብቻውን የማኑካን ማር ያህል እንደማይሠራ፣ ኃይሉ ከብዙ ነገሮች ኅብረት እንደሚመነጭ አመለከተ። ይህም ተሕዋስያን ማርን መላመድ የሚከብዳቸው ስለ ምን እንደሆነ በከፊል ያስረዳል።

ይህ ሲባል ማር ለሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ማር አንዳንድ የቃጠሎ ቁስሎችን ከተለመደው ማሰሪያ ቀድሞ እንደሚያሽር ቢያመለክትም፣ ለብዙዎቹ ሥር የሰደዱ ቁስሎች ግን ማስረጃው አጥጋቢ አለመሆኑን ገልጿል። ለሕክምና የሚውለው ማር የክሎስትሪዲየም ዘር እንዳይኖርበት በጋማ ጨረር የሚጸዳ በመሆኑ፣ ከገበያ የተገዛ ማር እርሱን ሊተካ አይችልም።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ ሲድር የሚባለው ዛፍም እኛ ቁርቁራ የምንለው ነው። እንግዲህ የነጩም፣ የቢጫውም፣ የጣዝማውም ማር ኃይል በብልቃጥ ውስጥ በሚዋኝ ባክቴሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በምሽጉ በተከበበው ላይ ሊለካ ይገባዋል። ቧንቧ ውሃ ተሞልቶ፣ ድልድይም ጭነት ወጥቶበት እንደሚፈተን ሁሉ፣ መድኃኒትም መፈተን ያለበት ጠላቱ በሚኖርበት ሁኔታ ነው።