ባዶ ዙር፦ የባክላሽ ትርጉምና የካርዳን ጓታ

ባዶ ዙር ማለት ኃይል ከሚቀባበሉ ሁለት የማሽን ክፍሎች አንደኛው ሌላውን ይዞ ማዞር ከመጀመሩ በፊት ብቻውን የሚዞረው መጠን ነው። በመካኒኮች መጻሕፍት ባክላሽ ይባላል። የኋላ ጎማው በካርዳን በሚዞር ፒክአፕ ላይ፣ ማርሽ ሲገባ ወይም ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ከወለሉ ሥር «ጓ» የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባዶውን የዞረው ብረት ፍጥነት ይዞ ተከታዩን ሲመታ ይጮኻል።

ለዚህ ነገር በጋራዥ የተለመደው ቃል «ላልቷል» የሚለው ነው። ሆኖም ቡሎንም ቀበቶም ይላላል፤ ቃሉ የትኛው እንቅስቃሴ እንደበዛ አይለይም። «ክፍተት» ቢባል ደግሞ ቆሞ የሚለካ ርቀትን ብቻ ያመለክታል። «ባዶ ዙር» ሁለቱንም ይይዛል፤ ዘንጉ እንደሚዞርና በዚያ ዙር ምንም ሸክም እንደማይጎትት ይናገራል። አራሽ ነገሩን ከእርሻው ያውቀዋል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ያሰረው ምራን ሲረግብ በሬዎቹ ትንሽ ይራመዳሉ፣ ሞፈሩ ግን ገና አልተነሣም። ምራኑ ሲወጠር ማረሻው በድንገት ይነጠቃል፤ ድንጋጤው ለበሬውም ለአራሹም ይደርሳል።

በፒክአፑ ውስጥ ይህ ርክክብ ከአንድ ቦታ በላይ አለ። ኃይሉ ከሞተር በፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በካርዳን ወደ ዲፈረንሻል፣ ከዚያም በግራና በቀኝ ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። በካርዳኑ ጫፎች ላይ ክሮቸራዎች አሉ። ክሮቸራ በጣሊያንኛ የመስቀል ቅርጽን የሚያመለክት ቃል ሲሆን ዕቃውም አራት ክንድ ያለው የብረት መስቀል ነው። እያንዳንዱ ክንድ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች በተደረደሩበት ኩባያ ውስጥ ገብቶ በዘንጉ ሹካ ላይ ይቀመጣል። ካርዳን የሚለው ስም የመጣው ከ1501 እስከ 1576 ከኖረው ጣሊያናዊ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ነው።

የእያንዳንዱ ርክክብ ባዶ ዙር ከሌላው ጋር ይደመራል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ አራት ለአንድ ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ አራት ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ጎማው አጠገብ ያለ የአንድ ዲግሪ ባዶ ዙር ካርዳኑ ላይ አራት ዲግሪ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ካርዳኑን ወዝውዞ ብዙ እንቅስቃሴ ያየ ሰው ጥፋቱ ክሮቸራው ነው ብሎ መደምደም አይችልም። እንቅስቃሴው ከየት እንደሚጀምር መለየት አለበት።

የፎገራ ሜዳ ለክሮቸራ ከባድ ቦታ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ወጥተው ወደ ጣና የሚወርደውን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ፤ የዋልካው ጭቃም ከመኪናው ሆድ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ውኃ በኩባያዎቹ ጎሚኒ በኩል ሲገባ ግራሶው ይታጠባል፣ ሮለሮቹ ይዝጋሉ፣ በመስቀሉ ክንድ ላይም ቦይ ይቆፍራሉ። ሁለተኛው ፈተና ጭነቱ ነው። ሩዝና ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሜዳ ተነሥቶ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በዳገቱ ካርዳኑ በከባድ ማርሽ ይጠመዘዛል። ከልክ ያለፈ ጭነት ባሌስትራውን ሲያጎብጠውም የካርዳኑ ማዕዘን ይለወጣል። አንድ ክሮቸራ በማዕዘን ሲዞር የሚያስተላልፈው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፣ ሁለት ጊዜም ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ ለውጡ ወደ 1.5 ከመቶ፣ በ20 ዲግሪ ግን ወደ 6 ከመቶ ነው። ሁለቱ ክሮቸራዎች ይህን ለውጥ የሚያጣፉት ማዕዘናቸው እኩል ሲሆንና ሹካዎቻቸው በአንድ መስመር ሲቆሙ ብቻ ነው።

ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ማርሽ ሲገባ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር አንዴ «ጓ» ካለ፣ የተደመረው ባዶ ዙር በዝቷል ማለት ነው። በዝግታ ሲሄድ ከፍጥነቱ ጋር የሚፈጥን «ሲጥ ሲጥ» ግራሶ ያለቀበትን ክሮቸራ ይጠቁማል። መኪናው ሊቆም ሲል ወይም ቆሞ ሲነሣ የሚሰማ አንድ ምት፣ የካርዳኑ ጥርስ ያለው ተንሸራታች ክፍል ደርቆ እየያዘ እንደሚለቅ ያሳያል። በፍጥነት ጊዜ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከካርዳኑ ሚዛን መጓደል ወይም ባለሁለት ቁራጭ ከሆነ ከመካከለኛው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። የካምቢዮ ሱፖርቶ ሲቀደድና የባሌስትራ ማሰሪያ ሲላላም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚሰማ፣ እነርሱም አብረው ይታያሉ።

ምርመራው በእጅ ይሠራል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ከተደረገ በኋላ ማርሹ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በክሮቸራው ግራና ቀኝ ያሉትን ሹካዎች በሁለት እጅ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ፣ ቀጥሎም ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ ነው። በመስቀሉና በሹካው መካከል በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ክሮቸራው ይቀየራል። በኩባያው ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄትም ያንኑ ይመሰክራል። ክሮቸራው ጠንክሮ የዲፈረንሻሉ መግቢያ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ባዶ ዙሩ ያለው በውስጥ ጥርሶች ወይም ከዚያ ወዲያ ባሉት ዘንጎች ነው። ጥቂት ባዶ ዙር እዚያ መኖሩ ጤነኛ ነው። ጥርስ ለጥርስ ያለ ክፍተት ከተጣበቀ ዘይቱ ስፍራ ያጣል፣ ብረቱም ይግላል። ስለዚህ የዲፈረንሻል ክፍተት በመለኪያ ተለክቶ አምራቹ ከሰጠው ልክ ጋር ይነጻጸራል።

ክሮቸራ ሲቀየር መጀመሪያ የካርዳኑና የፍላንጁ አቀማመጥ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ሚዛኑ ይዛባል። መያዣ ቀለበቶቹ ከወጡ በኋላ ኩባያዎቹ በሞርሳ ተገፍተው ይወጣሉ፤ ሹካው በመዶሻ ከተደበደበ ይጣመማል። አዲሱ ሲገባ ሮለሮቹ ቆመው መደርደራቸው ይታያል። አንዷ ብትወድቅ ኩባያው ጠልቆ አይገባም፣ ቀለበቱም ቦታውን አይይዝም። የተገጠመው ክሮቸራ በእጅ ሲታጠፍ ሳይያዝና ሳይወዛወዝ መንቀሳቀስ አለበት። የፍላንጁ ቡሎኖች አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ።

ግራሶ መግቢያ ያለው ክሮቸራ አዲሱ ግራሶ በአራቱም ኩባያዎች ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ ይሞላል፤ በአንዱ ካልወጣ መንገዱ ተደፍኗል። ጎርፍ ከተሻገሩ በኋላ ይህ ሥራ ለነገ አይባልም፤ አዲሱ ግራሶ የገባውን ውኃ ገፍቶ ያስወጣዋልና። በዚያው ቀን የዲፈረንሻሉ ዘይትም ይታያል። የጋለ ዲፈረንሻል ውኃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ስለሚበርድ ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ይቀየራል፣ መተንፈሻውም ይጸዳል።

ከጥገናው በኋላ ያው የእጅ ምርመራ ይደገማል። ክሮቸራዎቹ ጠንክረው፣ ዲፈረንሻሉም በልኩ ሆኖ የሚቀረው ትንሽ እንቅስቃሴ ጥርሶቹ ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ባዶ ዙር ነው።