የስም ለውጥና የባልና ሚስት የሙዚቃ ሥራ ባለቤትነት

የሙዚቃ ሥራ ባለቤትነት ከባለመብቱ ማንነት እንጂ ከሚጠራበት ስም የሚመነጭ አይደለም። አንድ ድምፃዊ ወይም የዜማ ደራሲ ስሙን በሕጋዊ መንገድ ቢለውጥ በቀድሞ ስሙ ባወጣቸው ሥራዎች ላይ ያለው መብት አይቋረጥም፤ የትዳር ጓደኛው ድርሻም በዚሁ ሳቢያ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት በአንድ ዘፈን ላይ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ ከዋኙና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ የየራሳቸው መብት አላቸው። የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ነው። የኢኮኖሚ መብቱን በጽሑፍ ውል ለሌላ ቢያስተላልፍም የሞራል መብቱ ከእርሱ ጋር ይቆያል።

አዋጁ የቅጂ መብትን ከባልና ሚስት የጋራ ንብረት ጋር አያይዞ የደነገገው የተለየ አንቀጽ ስለሌለ የቤተሰብ ሕግን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት የነበራቸው ንብረት የግል ሲሆን፣ በጋብቻ ወቅት ከግል ጥረታቸውም ሆነ ከግል ንብረታቸው የሚያገኙት ገቢ ግን የጋራ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ስለሚችሉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር በሚገኘው የወላይታ ዞን የሚነሳ ጉዳይ የሚታየው በክልሉ ተፈጻሚ በሆነው ሕግ ነው።

ለአብነት በዳሞት ሶሬ ወረዳ ጉኑኖ የሚኖር አንድ ባለትዳር ከጋብቻው በፊት ግጥምና ዜማ ደርሷል፤ በኋላም ስሙን ለውጧል እንበል። በፌዴራሉ ሕግ አቀራረብ መብቱ የግሉ ሆኖ ሳለ በጋብቻ ዘመን የሚያስገኘው ገቢ የጋራ ይሆናል። ሚስቱ ለአንዱ ዘፈን ግጥም ደርሳ ከሆነ ግን በግጥሙ ላይ ያላት መብት ከጋብቻ ሳይሆን ከድርሰቷ የሚመነጭ ነው። በጋብቻ ወቅት የተፈጠረ ሥራ ከፍቺ በኋላ በሚያስገኘው ገቢ ላይ ተጋቢዎቹ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይወስናል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም በበቂ ምክንያት በፍርድ ቤት ፈቃድ ሊለወጥ እንደሚችልና ባለትዳር ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም ይዛ እንደምትቀጥል ይደነግጋል። ችግሩ በአብዛኛው የሚፈጠረው ውሉ በቀድሞ ስም፣ መታወቂያው ደግሞ በአዲሱ ስም ሲሆን ነው። የሁለቱን ስሞች አንድነት የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ ባለመብቱ የሮያሊቲ ክፍያ ለመጠየቅ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ወራሾቹም ድርሻቸውን ለማስከበር ይቸገራሉ።

ስለሆነም ጉዳዩን የሚያስተናግዱ ሠራተኞች የቀድሞውንና አዲሱን ስም የያዘውን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ምዝገባ ማስረጃውንና የሥራውን ውል አገናዝበው ማየት ይጠበቅባቸዋል። ሥራው የተፈጠረበትና ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንም ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ የእያንዳንዱ ድርሻ የሚለየው በስሙ ሳይሆን በእነዚህ ቀናት ነውና።