ከጭስ ማውጫው ይልቅ ፀጉሩ፦ የብራድፎርድ ሱፍ በኪነ ጥበብ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር የምትገኘው ብራድፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሱፍ ኢንዱስትሪ መናኸሪያ ነበረች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያንን ዘመን በሱፍ ለመግለጽ የሚነሣ የጥበብ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በፋብሪካው ሕንፃና በረጅሙ የጭስ ማውጫ ላይ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ግን ከሕንፃው ይልቅ ፀጉሩ ራሱ የተሻለ ምስክር ነው የሚል ነው።

ታይተስ ሶልት በ1853 በብራድፎርድ አጠገብ በምትገኘው በሶልቴር የከፈተው ፋብሪካ ዝናው የአልፓካ ጨርቅ ነበር። በብራድፎርድ ከደቡብ አሜሪካ የመጣውን የአልፓካ ፀጉርና ከቱርክ የመጣውን ሞኼር የተባለ የፍየል ፀጉር ሠራተኞች እስሩን እየፈቱ በእጃቸው ይለዩት ነበር፤ ረጅሙን ከአጭሩ፣ የጠራውን ካደፈው። አብሮ የሚነሣው አቧራ ግን የአባ ሰንጋን ተሕዋስ ወደ ሳንባ ያስገባ ነበር። ጤነኛ የነበረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችል ነበር። «የሱፍ ለቃሚዎች በሽታ» ይባል የነበረው ይህ ሕመም አባ ሰንጋ መሆኑን በ1880 ገደማ ያሳየው የከተማው ሐኪም ጆን ሄንሪ ቤል ነው። አባ ሰንጋን በከብት በሽታነት የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ በፋብሪካ ውስጥ ማግኘቱ ሳይደንቀው አይቀርም።

ከተማዋን ያስጠራት ዉርስትድ የተባለው የሱፍ ክር የሚፈተለው ከረጃጅም ፀጉር ብቻ ነው። ማበጠሪያው አጭሩን እያስወጣ ረጅሙን ጎን ለጎን ያስተኛዋል፤ ጨርቁ ልሙጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሳይበጠር የተፈተለው ግን እንደ መንዝ ባና ይሻክራል። በአቅራቢያዋ ባትሊ ደግሞ ቤንጃሚን ሎው በ1813 አሮጌ ጨርቅ አስፈጭቶ ከአዲስ ሱፍ ጋር በመቀላቀል ሾዲ የተባለውን ርካሽ ጨርቅ አስገኘ። የተጣለው አጭር ፀጉርና የተፈጨው ጨርቅ በጥበብ ሰው ሽመና ማግ ውስጥ ሲገቡ፣ የትኛውም የጭስ ማውጫ ሥዕል የማያሳየውን የሥራ ክፍፍል በእጅ ያስዳስሳሉ።

የሶልት ፋብሪካ ማምረቱን በ1986 አቆመ፤ በማግሥቱ ዓመት ጆናታን ሲልቨር ገዝቶት የብራድፎርዱን ተወላጅ የሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒን ሥራዎች አስገባበት። በ2025 አሜሪካዊቷ የጥበብ ሰው አን ሃሚልተን በላይኛው ፎቅ ያቀረበችው ሥራ ሱፍንና የሰው ድምፅን ያጣመረ ነበር። ድምፁን መጨመሯ ትክክል ይመስለኛል፤ ፋብሪካው ዝም ያለ ቦታ አልነበረምና።

ፀጉሩን ራሱን ምስክር በማድረግ እስከ መጨረሻው መሄድ የሚፈልግ ሸማኔ ቅባቱ ያልወጣለትን ፀጉር እንዳለ ይሸምናል። ያኔ የሚገጥመው ፈተና ቤተ መዘክሩ ነው፤ ብል የሚፈራ የቅርስ ጠባቂ ያልታጠበ ሱፍ በቀላሉ ወደ ግምጃ ቤቱ አያስገባም።