የፍሬሽማን ኮርስ መራጭ ማን ነበር?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የዘንገናን ሐይቅ ታክኮ ያልፋል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ በዚህ መንገድ ከየክልሉ የተመደቡ አዲስ ገቢዎች ይመጣሉ። ተማሪው ሬጅስትራር ዘንድ ሲቀርብ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኮርሶቹ ተዘርዝረው ይጠብቁታል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ኮዱና ክሬዲት አወሩ ሰፍሯል፤ ከተማሪው የሚፈለገው ፊርማው ብቻ ነው። ይህ አሠራር በአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው የተፈጥሮ ሕግ ያህል ተቀብሎታል። ተማሪያችን መምረጥ አልለመደም፣ ምርጫ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚልም አይጠፋም። ታሪኩን ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መምረጥ በዚሁ በጎጃም ምድር የቆየ የተማሪ መብት ነበር፤ የቀረውም በቅርብ ዘመን፣ ዓመተ ምሕረታቸው በሚታወቅ ውሳኔዎች ነው።

የቆሎ ተማሪውን እናስብ። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ የት እንደሚማር የሚመድበው ቢሮ አልነበረም። ቅኔ ያማረው ዋሸራ ልሂድ ወይስ ጎንጅ ብሎ ያወጣል ያወርዳል፤ ሁለቱም ጎጃም ውስጥ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይሻገራል። የመምህሩን ዝና ሰምቶ ይመጣል፣ ጉባኤው ካልጣመው ስንቁን ቋጥሮ ሌላ መምህር ፍለጋ ይነሣል። እርግጥ የትምህርቱ ቅደም ተከተል አይነካም። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል፤ መወድስ ልጀምር ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ የጥንቱ ተማሪ ሁሉን መራጭ ነበር ማለት አይቻልም። መብቱም በአመዛኙ የወንዶች ነበር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ተምረው ለማስተማር የበቁ ሴቶች ብርቅ ናቸው። ቢሆንም ሙያውን፣ መምህሩንና ጊዜውን የሚወስነው ተማሪው ራሱ ነበር። ይህን ሁሉ የሚመርጥ ልጅ ባፈራ አገር «ተማሪው መምረጥ አያውቅም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጆቹን ጠቅልሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የአሜሪካኖች፣ በተለይም የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እጅ ነበረበት። የክሬዲት አወር ሥሌት የሥርዓቱ አካል ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ክሬዲት አወር ያደገው የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባስፋፉት የምርጫ ሥርዓት ዘመን ነው። ተማሪዎች የተለያየ ኮርስ ሲወስዱ የአንዱን ድካም ከሌላው ጋር የሚያስተካክል መለኪያ ያስፈልጋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከወሰደ ግን ዓመቱን አለፈ ወይም ወደቀ ማለት በበቃ ነበር። እኛ መለኪያውን ተቀብለን ምርጫውን እዚያው ተውነው። ቅኔ ቤቱ ምርጫው ነበረው መለኪያው አልነበረውም፤ ዩኒቨርሲቲያችን መለኪያውን ይዞ ምርጫውን አጣ።

ከዚያ በኋላ የፍሬሽማኑ ዓመት ራሱ ሲሻርና ሲመለስ ኖሯል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሰናዶውን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ስላወረደው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን ቀረ፣ አብዛኛው የዲግሪ ትምህርትም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ተማሪው ትምህርቱን ሳይቀምሰው መስክ ውስጥ ገባ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተደረገ፤ ዝንባሌ በኮታ ተዋጠ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን መመለሱ በእኔ እምነት ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ተማሪው ዲፓርትመንት ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት የማየት ዕድል ሰጥቶታልና። ነገር ግን ዲፓርትመንት የሚደለደለው በውጤት ስለሆነ የመጀመሪያው መንፈቅ መቃኛ መሆኑ ቀርቶ የጂፒኤ ሽሚያ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ሲገኝና በዓመቱ ሬሜዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ብዙው ተማሪ ግቢ ገብቶም መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆነ።

ለፍሬሽማን ተማሪ ምርጫ ይሰጠው በሚለው ሐሳብ ላይ ከባዱ ተቃውሞም የሚነሣው ከዚሁ ቁጥር ነው። ቤተ ሙከራ ካለው የከተማ ትምህርት ቤት የመጣውና መምህር ካልተሟላለት የገጠር ትምህርት ቤት የመጣው እኩል እንዲቆሙ የጋራ ኮርስ ግድ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እንግሊዝኛውና ሒሳቡ መነካት የለባቸውም። ምርጫ ልቅ ሲሆን ተማሪው ቀላል ቀላሉን ይለቅማል የሚለውም ባዶ ስጋት አይደለም፤ ከኤልየት በኋላ ሃርቫርድ ራሱ ምርጫውን ገደብ አበጅቶለታል። እዚህ የሚጠየቀው ግን ከጋራዎቹ መካከል የአንዱ ኮርስ ቦታ ለተማሪው እንዲለቀቅ ብቻ ነው።

እንደ እንጅባራ ያለ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አቅም የለውም የሚለው መከራከሪያ እንጅባራ ያለችበትን የአዊ ዞን ለሚያውቅ ሰው አይዋጥም። በጂኦግራፊው ኮርስ ስለ ኢትዮጵያ ሐይቆች በደፈናው ለሚማረው ልጅ ከመኝታው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል እንደሆነ የሚነገርለት ዘንገና አለ። በዚሁ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል፤ ደንና ኢኮኖሚ አንድ ላይ የሚጠናበት እንዲህ ያለ ማሳ በብዙ አገር አይገኝም። አዊኛ አፉን የፈታበት ሕዝብ በዙሪያው አለ፣ ከቦረና ወይም ከወላይታ የመጣ ልጅ አንድ መንፈቅ ሊማረው የሚችል ቋንቋ ነው። የጂኦግራፊ፣ የደን፣ የኢኮኖሚክስ መምህራን ደግሞ ለከፍተኛ ዓመቶች ሲባል የተቀጠሩ ናቸው። እነዚህን የመሰሉ ሦስት ወይም አራት ኮርሶች አዘጋጅቶ ከዝርዝሩ አንዱን ምረጥ ማለት የሬጅስትራሩን ሥራ በአንድ ዓምድ ይጨምረው ይሆናል፤ ፊርማው ያኔ የራሱ የተማሪው ይሆናል።